ቅድመ አያቴ ከሀዲዱ ጋር የመጣ ግሪካዊ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የድሬዳዋ ቤተሰቦች፣ የእናንተስ?

የከዚራዋ፦

ሰላም የድሬ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ የቤታችንን ታሪክ መጻፍ ጀምሬያለሁ። የተነሳሁት ለልጆቼ ብዬ ነው። ግን አንዱን ስጽፍ ሌላው ይመጣል። የጎረቤቱ፣ የባለሱቁ፣ የባቡር ሠራተኛው። የአንድ ቤት ታሪክ ለብቻው አልቆም አለኝ። ስለዚህ የደረስኩበትን እዚህ ላስቀምጥ፣ እናንተም የየቤታችሁን ጨምሩበት።

የእናቴ አያት ግሪክ ነበር። ሙያው ድንጋይ መጥረብ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ወደ ላይ ሲዘረጋ ለድልድይና ለጣቢያ ግንብ ጠራቢና ግንበኛ ይፈለግ ነበር። ግሪኩም፣ ጣሊያኑም፣ አረቡም በዚያ ሥራ ገባ። ቅድመ አያቴ በረሃውን ያቋረጠው በባቡር ተሳፍሮ አይደለም። ሀዲዱን እየተከተለ፣ ከድንኳን ድንኳን እየተዛወረ ነው። ሀዲዱ ድሬ ላይ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ እሱም ደረሰ። ሀዲዱ ቆመ፣ እሱም እዚያው ቀረ።

ለምን ቆመ? አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር ማድረስ ነበር። ከሜዳው ሐረር መግባት ማለት ግን የደንገጎን ተራራ መውጣት ነው። በመኪና የወጣ ሁሉ ያንን ጥምዝምዝ ያውቀዋል። ለባቡር ደግሞ ጭራሽ አይቀመስም፤ ወጪውም አይቻልም። ስለዚህ ሀዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። በ1895 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1902 መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው ባቡር ገባ። አዲሷ ከተማም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው ብዙ ሰው የማያነሳው። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በመስመሩ ላይ ተጓተቱ። ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው ቆሞ በነበረበት ጊዜ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ ድሬ ላይ ይራገፋል። ከዚያ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ይጫናል። ቡናውና ቆዳው ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። የሚያራግፍ፣ የሚጭን፣ የሚያከማች፣ የሚያበድር፣ የሚያበላ፣ የሚያሳድር ሰው ይፈለጋል። ድሬን ድሬ ያደረጋት ይሄ የመቆም ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ። ሀዲዱ ሳይቆም ቢያልፍ ኖሮ ውሃ መቅጃ ጣቢያ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን። ቅድመ አያቴ፣ ሴቷ ማለቴ ነው፣ ኦሮሞ ነበረች። ከደንገጎ ሥር ካሉት መንደሮች ከአንዱ። ወተት ይዛ ወደ ሠራተኞቹ ድንኳን ትወርድ ነበር ይላሉ። እሱ ሲመጣ ኦሮምኛም አማርኛም አያውቅም። አፉን ያስፈታችው እሷ ናት። ቤቱ ያረፈበትን ቦታ ከዘመዶቿ ያገኘችው እሷ ናት። እሱ ገና ልጆቹ ሳያድጉ ሲሞት ቤቱን ያቆመችው እሷው ናት። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ግን የእሱ ነው። የእሷ አንድም የለም። ይሄ ነገር ውስጤን ይበላኛል። ስለ ድሬ የተጻፈ ሁሉ ስለመጡት ወንዶች ነው፤ መጥተው ስላገኟቸው ሴቶች የሚያወራ የለም።

ከእሱ የቀረን ዕቃ ግንበኛ የግንቡን ቀጥታ የሚያይበት ቱንቢው ነው። ናስ ነው፣ ከባድ። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከላይ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል። እናቴና ወንድሞቿ በልጅነታቸው ኦቾሎኒ ይሰብሩበት ነበር።

ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከየመን፣ ከህንድ፣ ከየትም መጥተው ድሬ ላይ የቀሩ ቤተሰቦች ልጆች ካላችሁ፣ በቤታችሁ የሚወራውን እባካችሁ ጻፉ። በተለይ ስለ እናቶቹ።


ታሪክ አንባቢ፦

በጣም ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳሽው። አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮቹና አርመኖቹ ሁሉ ከሀዲዱ ጋር የመጡ አይደሉም። ሐረር ላይ ቀደም ብለው ነበሩ። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘው ሳለ ነጋዴው በዘይላ ወደብ በኩል ይገባ ጀመር። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ራሱ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ ኤደን ላለ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ። ዕቃው ከዘይላ በግመል ተነስቶ ገልደሳ ይደርሳል። ግመል አቀበቱን ስለማይወጣ እዚያ ወደ በቅሎና አህያ ይገለበጣል። ቀረጡም የሚከፈለው ገልደሳ ነበር። ድሬ ስትቆረቆር ይሄ ሁሉ ሥራ ወደ እሷ ዞረ። ገልደሳም ተረሳች።

የአርመኑን የሰርኪስ ቴርዚያንን ነገር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከባቡሩ በፊት ሐረር ላይ የነበረ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ያስገባው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ነው ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው። እንደዚህ ያሉት ሰዎች ሐረርን ትተው ሱቃቸውን ወደ ድሬ ያወረዱት በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ወንድም ላይ ይቀራል፣ ሌላው ታች ይከፍታል። በብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሆነው።


ገንደ ቆሬ፦

ታሪኩን ወድጄዋለሁ እህቴ። ግን እዚህ መድረክ ላይ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «ድሬን የመሠረቷት ፈረንጆች ናቸው» ይባላል። ቦታው እኮ ባዶ አልነበረም። የአካባቢው ጎሳዎች፣ ኢሳውም ጉርጉራውም፣ ከብቱንና ግመሉን ደቻቱ ላይ ያጠጣ ነበር። ሀዲዱ በኢሳ መሬት ሲያልፍ ግጭት ነበር፣ የሞተ ሰው አለ። በኋላም ያ ሁሉ ዕቃ ከድሬ በማን ግመል ነው የተጫነው? መንገዱን፣ የውሃውን ጉድጓድ፣ የት ማደር እንደሚቻል የሚያውቀው ማን ነበር? የእኔ አያት አባት ግመል አከራይ ነበር። ስሙ በየትም አልተጻፈም። አንድም ጎዳና በስሙ አልተሰየመም።


የከዚራዋ፦

ወንድሜ፣ ይሄን ነው የምፈልገው። የአያትህ አባት ታሪክ ካልገባ የእኔም ጎዶሎ ነው። ቅድመ አያቴ የጠረበው ድንጋይ ከተራራው እስከ ጣቢያው የመጣው በአንድ ሰው ግመል ነው። ባለግመሉ የአንተ ዘመድ ይሆን ይሆናል፣ ማን ያውቃል። እባክህ በቤታችሁ ስለ እሱ የሚወራውን ሁሉ ጻፍልን። ምን ይጭን ነበር? እስከ የት ይሄድ ነበር? ክፍያው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር ወይስ በዕቃ?


ገንደ ቆሬ፦

በብር ነበር ይላሉ፣ በማርያ ቴሬዛ። አያቴ እንደሚነግረን ሰውየው ብሩን አያምንም ነበር። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ሲሄድ ጨውና አቡጀዲ፣ ሲመለስ ቡናና ቆዳ። ሌላውን ከአክስቴ ጠይቄ እመለሳለሁ። እሷ ናት ሁሉንም የምታውቀው።


መጋላ ማዶ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ የመን ነን፣ የመጋላ ሰፈር ልጆች። አያቴ ከሐድራሞት በኤደን አድርጎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር። ከዚያ ድሬ መጥቶ ለአጎቱ ሱቅ ጠባቂ ሆነ። ኋላ የራሱን ከፈተ። ስኳር፣ ሻይ፣ ላምባ፣ ቴምር፣ ሽርጥ። የአረብ ሱቅ እንደሚታወቀው ነው። ማለዳ ቀድሞ ይከፈታል፣ ማታ ከሁሉ በኋላ ይዘጋል።

ከሱቁ የቀረን የዱቤ መዝገብ ነው። ትልቅ፣ በጨርቅ የተለበጠ። ገጾቹ በስተጠርዙ ቢጫ ሆነዋል፣ ምስጥ የነካቸውም አሉ። አያቴ የሚጽፈው በአረብኛ ፊደል ነው። የሰዎቹን ስም ግን እንደሚጠሩት ነው የጻፈው፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም በአማርኛም። ከስሙ አጠገብ ሰውየውን የሚለይበት ምልክት አለው፦ «የባቡሩ አናጺ»፣ «ከቀፊራ ወተት የምታመጣው»፣ «የግሪኩ ባለዳቦ ቤት ገረድ»፣ «ረጅሙ ወታደር»። አንዳንዱ ገጽ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል፤ ተከፍሏል ማለት ነው። የባቡር ሠራተኛው ዱቤ የሚሰረዘው ሁልጊዜ በወር መጨረሻ ነው። ደሞዝ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ዕዳውን ይከፍላል። አባቴ ሲያወራ «ሸማንደፈር ካልከፈለ መጋላ አይበላም» ይል ነበር፤ ሸማንደፈር ምድር ባቡሩ ነው።

ስለ እናቶች ላልሽው፣ የእኔ አያት ሴቷ አደሬ ናት። ሱቁን በእውነት ያስተዳደረችው እሷ ናት፣ ዋላሂ። አያቴ ያበድራል፣ እሷ ታስከፍላለች። ማንበብ አትችልም፣ ግን መዝገቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ በቃሏ ታውቀው ነበር። ሰው ሲሞት ዕዳውን የምታሰርዘውም እሷ ናት። ለቀስተኛ ቤት ሄዳ «ይቅር ብለናል» ትላለች፣ ከዚያ መጥታ አያቴን «ሰርዝ» ትለዋለች። መዝገቡ ውስጥ እንደዚያ የተሰረዙት በቀይ ናቸው።


ድሬ በስደት፦

አቦ! ይሄን መዝገብ ፎቶ አንሳውና ለሁሉም አካፍለን። እንባዬ መጣ።


ጡረተኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በምድር ባቡር ጋራዥ ነው ያደግሁትም ያረጀሁትም። አባቴም እዚያው ነበር። በእኛ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ መዶሻውም፣ ቁልፉም፣ ወቀሳውም በፈረንሳይኛ ነበር። ፊደል ሳንቆጥር የሞተር ዕቃ ስም በፈረንሳይኛ የምንጠራ ልጆች ነበርን። ከአንድ ሞረሳ ላይ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አረቡ፣ አርመኑ አብረው ይሠሩ ነበር። ሠራተኛው ሲጣላ በየቋንቋው ይጣላል፣ ሲታረቅ በፈረንሳይኛ ነው።

ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። አባቴ እንደነገረኝ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬ ያድራል። ሁለተኛውን አዋሽ። በሦስተኛው ቀን ነው አዲስ አበባ የሚገባው። በዚህ ምክንያት ከዚራ ሰፈር ሆቴልና ምግብ ቤት በዛ። ብዙዎቹን የያዟቸው ግሪኮች ነበሩ። ሚስቶቻቸውና የሚስቶቻቸው እህቶች ነበሩ የሚያበስሉት። አንዳንዷ ሴት አምስት ቋንቋ ትናገር ነበር፣ ትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ።

ልጄ፣ ስለ ቱንቢው ልጠይቅሽ። ጎኑ ላይ የተመታ ማኅተም አለው ወይ? ቁጥርም ሊሆን ይችላል። የኩባንያ ዕቃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይመታበታል። የራሱ ከሆነ ደግሞ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ይቆርጥበታል። ሁለቱ የተለየ ታሪክ ነው ያላቸው። የራሱን ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ባለሙያ ሆኖ የመጣ ነው። የኩባንያ ዕቃ የያዘ ደግሞ ሥራውን እዚሁ የተማረ ሊሆን ይችላል።


የከዚራዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አውጥቼ አየሁት። ማኅተም የለውም። ከቀዳዳው ሥር ግን ሁለት ፊደል በመሮ ተቆርጦበታል፣ በግሪክ ፊደል። እስከዛሬ ጭረት ነው ብዬ ነበር የማልፈው። በልጅነቴ ማንም «እዚህ ጋ እይ» ያለኝ የለም። እርስዎ ባይጠይቁኝ ኖሮ መቼም አላየውም ነበር።


ጀጎል፦

ከሐረር ሆኜ ልጻፍ። እኛ ዘንድ የድሬ መቆርቆር ሌላ መልክ አለው። ሐረር ከዘይላ የሚመጣውን ንግድ ለዘመናት ይዛ የኖረች ከተማ ናት። ሀዲዱ ታች ሲቀር ንግዱ በደንገጎ ቁልቁል ፈሰሰ። የእኛ ሰዎችም ተከትለው ወረዱ። ብዙ የአደሬ ቤተሰብ መጋላ ላይ ሱቅ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስደተኛ ስትሉ ከባሕር ማዶ የመጣውን ብቻ አትቁጠሩ። ከሐረር የወረደው አደሬ፣ ከሸዋ የመጣው አማራ፣ ጉራጌው፣ ሁሉም ለድሬ እንግዳ ነበር። የእኔ አያት ድሬ ላይ ሠርቶ ሐረር ቤቱን ያስጠግን ነበር። እስኪሞት ድረስ ድሬን «ታች» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።


ታሪክ አንባቢ፦

ትክክል ነው። በነገራችን ላይ የ«አርባ ልጆች»ን መንገድም አስታውሱ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ መስመር ነው። ድሬን አይተው ነው ያለፉት።


ደቻቱ ማዶ፦

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ስለ ውሃና ስለ ጥላም እናውራ። ከዚራ መንገዱ በገመድ የተሰመረ ነው፣ ዛፉ ግራና ቀኝ፣ ቤቱ በረንዳ ያለው። መጋላ ደግሞ ሰው እንደመጣ የሰፈረበት ነው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ኩባንያው ለራሱ ሰዎች ነው ያቀደው። የአያቶቻችሁን ታሪክ ስትጽፉ ይሄንንም ጻፉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የተወሰዱት እነማን ነበሩ? ወንዙ ዳር ሌላ ቦታ አጥተው የሰፈሩት ናቸው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ለዚህ ነው ሰው የሚያምነው። እኔ ያን ሌሊት ጎረቤቶቼን አጥቻለሁ።


የከዚራዋ፦

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያልከውን እጽፈዋለሁ፣ ቃል ነው። ያደግሁት በዚያ በከዚራ ጥላ ሥር ስለሆነ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅድመ አያቴ ሁለት ቤት ሠርቶ ነበር። አንዱ እሱ ያከራየው፣ ግሪክ ካምፕ በኩል። ሌላው የኖሩበት፣ በሚስቱ ዘመዶች ቦታ ላይ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የኪራዩ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ነበር የሚፈቀደው። የቀረልን እሷ ያስገኘችው ነው። በዚያው ዘመን ከእናቴ ወገን ያሉት አብዛኞቹ ወደ አቴና ሄዱ፣ ሌሎቹም አውስትራሊያ። እናቴ አልሄድም አለች። «ማን ቤት ልግባ?» ነበር መልሷ። እስካሁን የምንኖረው እዚያው ቤት ነው። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ድንጋዮች እርስ በርስ የተቆላለፉበት ቦታ ምላጭ አያስገባም። ይሄ የእሱ እጅ ነው። ቦታው የእሷ ነው።


መጋላ ማዶ፦

ስሚ እህቴ። ትናንት መዝገቡን ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። አንድ ገጽ ላይ «የግሪኩ ድንጋይ ጠራቢ ሚስት» የሚል አለ። ስሟን በአረብኛ ፊደል ጽፎታል፣ ግን ፊደሉ ደብዝዟል። የወሰደችው ላምባ፣ ስኳርና አቡጀዲ ነው። የእናንተ ትሁን የሌላ አላውቅም። ድንጋይ ጠራቢ ግሪክ ብዙ ነበር። የቅድመ አያትሽን ስም በውስጥ መልእክት ላኪልኝ፣ ከፊደሉ ጋር እናስተያየዋለን።


የከዚራዋ፦

ልኬልሃለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። ዕዳው ተሰርዟል ወይስ አልተሰረዘም?


መጋላ ማዶ፦

ተሰርዟል። በጥቁር፣ በቀይ አይደለም። ከፍላለች ማለት ነው። ስሙን ግን በማጉያ መነጽር ካላየሁት ምንም ማለት አልፈልግም።


ገንደ ቆሬ፦

አክስቴን ጠየቅኳት። የአያቴ አባት እስከ ጭሮ ይጭን ነበር አለች። ሚስቱ መንገደኛው ሲያልፍ ወተትና ዳቦ ታቀርብ ነበር፤ ዕቃ ሲጠፋም ባለዕቃው የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ስሟንም ነገረችኝ። ለከዚራዋ ልጅ ማስታወሻ በውስጥ መልእክት ልኬዋለሁ።


ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ ይሄ ነገር በስልክ አያልቅም። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት እንገናኝ። መዝገቡን ይዘህ ና፣ ከዝናብ በላስቲክ ጠቅልለው። አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ አረብኛም ግሪክም ያነባል፤ እናቱ ግሪክ ነበረች። ዓይኑ ደክሟል፣ ማጉያ መነጽሩን ግን ይዞ ይመጣል። አክስትሽ፣ አክስትህ፣ እናቱ ያለችው ሁሉ እናቱን ይዞ ይምጣ። ወንዶቹ እኛ እንቀዳለን፣ ሻይ ማለቴ ነው፤ ሴቶቹ ያውሩ፣ እኔ እጽፋለሁ።


ጀጎል፦

እኔም ከሐረር እወርዳለሁ። እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ መቶ ጥያቄ አዘጋጁላት።


የከዚራዋ፦

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። መቅጃ ይዤ እመጣለሁ፣ ትርፍ ባትሪም አለኝ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የምትጠይቁትን ከአርብ በፊት እዚሁ ጻፉልኝ፤ እያንዳንዱን አነብላቸዋለሁ።